ወንፊት ስምንት ቀን ውሃ የያዘበት ዜና

በዘመነ ንባብ በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ አሮጌው የማተሚያ መኪና ተሰብሮ አዲሱ በነገሠ በዘጠነኛው፣ የደረጃው አምፖል ተቃጥሎ «ነገ ይቀየራል» በተባለ በሦስተኛው ዓመት፣ በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ በእርማት ክፍል ተቀምጦ ቃልን ከስሕተት የሚታደገው፣ የነጠላ ሰረዝ ጠባቂ፣ የአራት ነጥብ ባለሟል፣ መዋዔ ግድፈት፣ ባለ ቀይ እርሳሱ አንባቢ፣ በባልደረቦቹ ዘንድ ግን ወንፊት እየተባለ የሚጠራው ያደረገውን ተጋድሎ እንጽፋለን። የምንጽፈው ካየነውም ከሰማነውም ነው፤ የሚበዛውን የሰማነው ከራሱ አፍ ነው፣ እርሱ ያልነገረን ነገር የለምና።

ወንፊት መባሉን መጻፍ ለታሪክ ጸሐፊ ባያምርም፣ ዜና መዋዕል የሚያምረውን ብቻ ከጻፈ ማስታወቂያ ይሆናልና ይጻፋል። በጆሮው የገባ ነገር ሻይ እስኪቀርብ ድረስ እንኳ በሆዱ ቆይቶ አያውቅም። ተይቢዋ አንድ ወጣት ሊያጫት እንዳሰበ ጠርጥራ በእምነት ብታማክረው፣ ወጣቱን ደረጃ ላይ አግኝቶ፣ ሰውየው ገና ሳይጠይቃት፣ እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሁለት ጊዜ አቀፈው። ለሚስቱ በስውር ጫማ ገዝቶላት ልኩን ቢጠራጠር ሄዶ እርሷኑ ጠየቃት። ሥራ አስኪያጁ ፀጉሩን እንደሚያቀልም በሰማ ዕለት፣ ቀለሙ ጤናውን እንዳይጎዳው በማሰብ ብቻ፣ የመኪና ክፍሉን ሰው በሙሉ አማከረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ነገር ሲይዝ ሆዱን ስለሚቆርጠው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት በየሳምንቱ ይነግሩት ነበር፤ እርሱም ተረቱን ወዲያው ለሌላ ሰው ይነግር ነበር።

በዓይኑ የገባው ግን ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጮክ ብሎ ሲያነብ ፊደሉ ከዓይኑ ወደ አፉ በአቋራጭ መሄድ ስለለመደ በልቡ በኩል አያልፍም። አንድ ጊዜ ለቀብር የሚበተን የሕይወት ታሪክ መጥቶ፣ የገዛ አጎቱን ታሪክ ከልደቱ እስከ ዕለተ ሞቱ ከነሥርዓተ ነጥቡ አንብቦ፣ አንድ የተደገመ ፊደል አስይዞ፣ ማኅተም አሳርፎ ሻይ ወረደ፤ አጎቱ መሞቱን የሰማው በማግሥቱ ከሚስቱ ነው። ይህ ዘመድ አዝማዱን ክፉኛ ቢያስቀይምም በሙያው ዘንድ የከፍታ ምልክት ሆኖ ተቆጠረለት፤ የነገሩን ትርጉም የሚከተል አራሚ ፊደሉ ያመልጠዋልና።

ያ ሁሉ ንባብ የሚነበብላቸው እትዬ ነበሩ። ስማቸው ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው እትዬ የማይላቸው አልነበረም። እርሱ የጸሐፊውን ረቂቅ ይዞ ያነባል፤ እርሳቸው ከፊት ለፊቱ፣ ጉልበትን ከጉልበት በሚያጋጭ ጠባብ ጠረጴዛ ማዶ፣ የተተየበውን ቅጂ ይዘው በአረንጓዴ እርሳስ ይከተላሉ። ድምፁም «ሰዎቹ መጡ ነጠላ ሰረዝ ተቀመጡ ነጠላ ሰረዝ ዝም አሉ አራት ነጥብ አዲስ መስመር» እያለ ከመኪናው ጩኸት በላይ እስከ ግቢው ይሰማ ነበር።

የእትዬም የጦር መሣሪያ ብዙ ነው። የምትቆርጥ ሰረዝ አለች፣ የተረሳውን የምታስገባ ቀስት አለች፣ የተራራቁ ፊደላትን የምታስታርቅ ቅስት አለች። ከሁሉ የምትበልጠው ግን ነጠብጣቧ ናት። የተሰረዘ ቃል ከሥሩ ነጠብጣብ ከተደረደረለት «ይቆይ» ማለት ነው፤ ሞቶ የነበረው ይነሣል፣ ተይቢዋም ማን አዘዘ ብላ ሳትጠይቅ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ነጠብጣብ አደራ።

በዚያ ዓመት የእትዬ ዕድሜ ለጡረታ ደረሰ፤ ስምንት የሥራ ቀን ቀራቸው። የማተሚያ ቤቱ ልማድ ደግሞ ለሚሰናበት ሰው ከትርፍራፊ ወረቀት የዐሥራ ስድስት ገጽ መጽሐፍ ማተም ነው፤ ሠራተኛው አንድ አንድ ገጽ ይጽፋል፣ ጥራዝ ክፍሉ ይሰፋዋል፣ ቅጂውም አንድ ብቻ ነው። ነገር ግን እትዬ ከዓመት በፊት የጥራዝ ክፍሉ ሹም ተሰናብቶ መጽሐፉን ታቅፎ እያለቀሰ ከደረጃው ሲወርድ አይተው፣ በሻይ ክፍሉ በር ላይ ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አስነግረው ነበር፦ «ስሙኝ ሁላችሁም! እኔ የምሄድ ቀን መጽሐፍ ምናምን የሚባል ነገር እንዳታመጡብኝ! ሰው በቁሙ ሙሾ አይወረድለትም! ሽታው ከደረሰኝ በዚያው ቀን በጓሮ በር ወጥቼ ሄድኩ ነው፣ ዓይኔን አታዩትም!» እትዬም ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ሻዩ ቀጠነ ብለው ሰባት ወር ሙሉ ከቤታቸው በፔርሙዝ ይዘው መጥተዋል።

እንግዲህ የተጋድሎው ነገር ይህ ነው። ምስጢሩ ከወጣ እትዬ ይሄዳሉ፤ ደህና ሁኑ ሳይሉ፣ ደህና ሁኑ ሳይባሉ ይሄዳሉ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጠረጴዛም በባዶ ወንበር ያልቃል።

የአራሚ «ታርሟል» የሚል ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት መኪና ላይ አይወጣም የሚለው ሕግ ደግሞ ለማንም አይታጠፍም። አራሚዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ምስጢሩ የሚደበቅባቸው ናቸው፣ ሁለተኛው ወንፊት ነው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሦስት ጊዜ ቢያሰላውም መልሱ ያው ሆነበት። ስለዚህ ጀግናውን አስጠርቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱንም ዘግቶ፣ አዋጁን በሹክሹክታ አስነገረ፦ «ወንድሜ፣ በልጆችህ እለምንሃለሁ። ስምንት ቀን ብቻ! ለሚስትህ አትናገር፣ ለባልደረባህ አትናገር፣ ለራስህም ጮክ ብለህ አትናገር። ይህቺ ነገር ከወጣች እኔና አንተ አንተያይም!»

ጀግናው ይህን በሰማ ጊዜ ፈራ። ፍርሃት ብቻ ግን አልነበረም። ወንፊት ከተባለ ወዲህ ምስጢር በአደራ ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነበርና ደስ አለው፤ ደስታውም ሲበዛ ወዲያው ሮጦ ለእትዬ ልንገራቸው አሰኘው። ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ የረገጠውን ሁሉ እየቆጠረ ራሱን ገታ፤ ሃያ ስድስት ደረጃ ነው።

ሌላም መከራ ነበር። ጀግናው በልቡ ማንበብ አይችልም። ሞክሮታል፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከንፈሩን በጣቱ ቢይዝ ድምፁ በአፍንጫው ወጣ። አድማጭ ከሌለው ደግሞ ነጠላ ሰረዙ ሁሉ ይጠፋበታል። ስለዚህ በመጀመሪያዪቱ ዕለት ጠዋት፣ እትዬ ገና መንገድ ላይ ሳሉ፣ ወደ ወረቀት መጋዘን ዘመተ። ከእርሱም ጋር የዘመቱት እኒህ ናቸው፦ ከቀኝ ተይቢዋ፣ የዐሥራ ስድስቱ ገጽ ረቂቅና ቅጂ የታጨቀበትን ቡናማ ፖስታ በሹራቧ ሥር የሸሸገች፤ ከግራ የመኪናው ሹም፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ቀለም የጠጣ፣ ሥራ ላይ ያለ ለመምሰል ባዶ ጋሪ የሚገፋ፤ ከኋላ ሻይ አፍይዋ፣ እትዬ ብቅ ካሉ ያለ ሰዓቱ ሻይ ብላ ልትጣራ የተሾመች፤ ከሁሉም ኋላ ዘበኛው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይነገረው ሰው ሲሄድ አይቶ የተከተለ። በመጋዘኑ በር ላይ ጀግናውን ተሰናብተው እያንዳንዳቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ዘበኛው ብቻ ምን እንደሆነ ቢጠይቅ መልስ አጥቶ ሄደ።

በመጋዘኑም ውስጥ ከወረቀት ጥቅሎች ኋላ፣ በካርቶን ዙፋኗ ላይ፣ የአይጦች መቅሠፍት የሆነችው ግራጫዪቱ ድመት ተቀምጣ ነበር። ጀግናው ከፊቷ በጥቅል ወረቀት ላይ ተቀምጦ፣ ቅጂውን በእግሯ ሥር ዘርግቶ፣ ረቂቁን ጮክ ብሎ አነበበላት። እርሷም ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ምስጢር ለመስማት ከድመት የሚሻል አይገኝም፤ የሰማችውን ለማንም አታወራም፣ የሰማችው ነገር አያገባትምና። በዚያ ቀን ስድስት ገጽ፣ በሁለተኛው ዕለት ሌላ ዘጠኝ አነበበላት፤ ሲጨርስም ፖስታውን ከካርቶኑ ሥር ይደብቅ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ፈተና ግን በላይ፣ በገዛ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀው። በዚያው ሳምንት የሚታረመው እንግሊዝኛ ለሚማሩ የተዘጋጀ የፈሊጥ መጽሐፍ ሲሆን፣ ተራው የደረሰው ምዕራፍም እንደ ዕድል ሆኖ ስለ ድመትና ስለ ምስጢር ነበር። እንግሊዞች ምስጢር ያወጣውን ሰው ድመቷን ከከረጢቱ ለቀቃት ይሉታል፤ አፉን የዘጋውን ምላስህን ድመት ወሰደችው ወይ ይሉታል፤ ደስታውን ደብቆ ፊቱ ያሳበቀበትን ደግሞ ወፏን የዋጠች ድመት መሰለ ይሉታል። ጀግናው ይህን ሁሉ ምስጢሩ ለተደበቀባቸው ለእትዬ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ፣ ጮክ ብሎ ሊያነብ ግድ ሆነበት። በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበውን ሰማ። ምስጢር የምትለዋ ቃል በመጣች ቁጥር ላብ በጆሮው ሥር ይወርድ ጀመር፣ በአንድ ቀንም አራት ነጠላ ሰረዝ ጣለ።

እትዬ አራቱንም አነሡ። ከኅዳጉ ላይ ደግሞ ለደራሲው በአረንጓዴ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ድመቷን መጀመሪያውኑ ከረጢት ውስጥ ማን ከተታት? ይብራራ።» ከዚያም በመነጽራቸው በላይ ጀግናውን አዩትና፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የሚለው ተረት መጽሐፉ ውስጥ አለመግባቱ እንዳሳዘናቸው ለክፍሉ በጠቅላላ አስታወቁ። በክፍሉ ውስጥ ከእርሱ ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ጀግናው ቁርጥ ሐሳብ አደረገ። ትርጉም የሚባል ነገር ወደ ልቡ እንዳይገባ በሩን ሊከረችም፣ እንደ ቀድሞው እንደ አጎቱ ጊዜ ፊደል ብቻ ሊያይ ለራሱ ማለ።

ወኮነ በሣልስት ዕለት፣ ከዐሥራ ስድስቱ ገጽ አንድ ቀርታ ነበር፤ እርሷም የመጨረሻዪቱ፣ ጀግናው ራሱ የጻፋት ገጽ ነበረች። በስድስት መስመር ለእትዬ ያለውን ክብር ገልጦባታል። በመጨረሻም ሰባተኛ መስመር ጽፎ ነበር፤ ነገር ግን መልሶ ሲያያት የመኪና ክፍሉ ሰዎች ሲስቁበት ታየው፣ በቀይ እርሳሱ ሰረዛት። ሰርዟትም ዕረፍት አላገኘም፤ ሦስት ቀን ሙሉ የቆረጠው ምስጢሩ ሳይሆን ያቺ የተሰረዘች መስመር ነበረች። ያን ዕለት ጠዋት፣ ሰው ቢያየው ማመካኛ እንዲሆነው የፈሊጡን መጽሐፍ ማኅደር በብብቱ ይዞ ወደ መጋዘን ወረደ። ለድመቷም የመጀመሪያውን መስመር ገና ሲጀምርላት ከውጭ የሻይ አፍይዋ አዋጅ ተሰማ፦ «ሻይ ደረሰ! ኧረ ሻይ ደረሰ! ዛሬ ልዩ ትኩስ ነው፣ ሰው የለም ወይ!» ሰዓቱ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

እትዬ ለድመቷ ከቁርሳቸው የተረፈ ዳቦ ይዘው እየመጡ ነው። ጀግናው በአንድ እጁ ፖስታውን ከካርቶኑ ሥር ከተተ፣ በሌላው ገጿን ከነረቂቋ ካገኘው ነገር ውስጥ ወሸቀ፣ ከድመቷም ጋር ስለ አየሩ ሁኔታ የሚወያይ መሰለ። እትዬ ገቡ፤ ዳቦውን ሰጡ፤ እርሱን አዩት፤ ድመቷን አዩአት፤ ወጡ። እርሱም ገጿን ወደ ፖስታው የመለሳት መሰለው፣ ለጀግና ከጦርነት በኋላ ሁሉ ነገር በቦታው ያለ ይመስለዋልና።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ማኅደሩን ከፍቶ ረቂቆቹን ለራሱ፣ ቅጂዎቹን ለእትዬ አደለ፤ ልቡንም እንደማለው ከርችሞ፣ ከአርባኛው ገጽ እስከ አርባ ስምንተኛው በአንድ ትንፋሽ አነበበ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልወደቀችም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የእትዬ እርሳስ ቆመች። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ወዲያውም እንደገና አወለቁት። ጀግናው የወረቀት ብናኝ መስሎት በትዕግሥት ጠበቃቸው። ቀጥል ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት፣ ቀጠለ። ሲጨርስም ትርጉምን ድል መንሣቱን አውቆ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ።

በአራተኛው ዕለት ጠዋት ፖስታውን ቢከፍት ገጽ ዐሥራ ስድስት የለችም። እዚህ ላይ ብዕራችን ይንቀጠቀጣል። ካርቶኑን ገለበጠ፤ ድመቷ ተቆጣች። ጥቅሎቹን አንድ በአንድ አንከባለለ፤ ከኋላቸው ሁለት የሞቱ አይጦችና አንድ የጠፋ ስቴፕለር ተገኘ። ገጿ ግን አልተገኘችም። እትዬ አግኝተዋት እንደሆነስ ብሎ በልቡ የጓሮ በሩ ሲዘጋ ሰማ፤ ያን ጊዜ የታየው ሥራ አስኪያጁ ወይም ሀፍረቱ አልነበረም፣ ከፊት ለፊቱ ያለችው ወንበር ነበረች። እየሮጠ ወደ መኪና ክፍሉ ገባ። የመኪናው ሹም ከሩቅ ሲያየው፣ ከመኪናው ድምፅ በላይ እየጮኸ አዋጅ አወጀ፦ «ምን ሆነህ ነው የምትሮጠው? ዐሥራ ስድስትን እንደሆነ ተይቢዋ አስተካክላ፣ ማኅተም አርፎባት ትናንት ደርሳኛለች! ይልቅ የቀሩትን አምጣ፣ መኪናው ሥራ ፈቷል!»

ጀግናው ተንፍሶ ጥቅል ወረቀት ላይ ተቀመጠ። መቼ እንዳረማት አላስታወሰም፤ ነገር ግን የአጎቱንም ሞት ያላስታወሰ ሰው ነው። እንግዲህ ሳላውቀው አርሜ፣ ሳላውቀው ማኅተም አሳርፌ፣ ሳላውቀው ልኬአለሁ ብሎ ራሱን አደነቀ። እኛም ያን ጊዜ አደነቅነው።

ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ዕለት ያለው ወሬ አጭር ነው፣ ጀግናው አፉን አልከፈተምና። ቤቱ ሲገባ ወሬ ሳይዝ ቢገባ ሚስቱ ግንባሩን ዳሰሰች፣ ትኩሳት ስታጣበትም ይብሱን ደነገጠች። ሻይ ክፍል ሲወርድ አፉን በዳቦ ይሞላ ነበር። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት በወረቀት ጽፎ በኪሱ ያዘ፤ ዕውነት ነው፣ አልነቀዘም፣ ነገር ግን ከበደው። በስድስተኛው ዕለት እትዬ እርሳሳቸውን አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ አወጁበት፦ «አንተ ሰውዬ! ምላስህን ያቺ የእንግሊዝ ድመት ወሰደችብህ እንዴ? አንድ ሳምንት ሙሉ የማንም ወሬ አላመጣህልኝ፣ ምነው ሰው ሁሉ ጨዋ ሆነ?» ይህንም ብለው የሚናገረው ነገር እንዳለው ሰው ዓይን ዓይኑን ያዩት ነበር።

ለመናገርም ቀርቦ ነበር። ሊያመልጠው የቀረበው ግን የመጽሐፉ ምስጢር አልነበረም፤ እንደሚሄዱበት፣ መሄዳቸውም እንደከበደው ሊነግራቸው ነበር። በመስኮቱ ነፋስ ይገባል አላቸው። እትዬ ተነሥተው መስኮቱን ዘጉት፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ንባቡም ቀጠለ። ጀግናው በዚያ ቀን በጣም አዝኖ ዋለ።

በስምንተኛው ዕለት፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ሲቃረብ፣ ሠራዊቱ ሁሉ በጥራዝ ክፍሉ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ አዲስ የተቀለመ ፀጉሩን አስተካክሎ ቆመ፤ የመኪናው ሹም ክንዱን ታጥቦ የማያውቁት ሰው መሰለ፤ ሻይ አፍይዋ ብርጭቆ ደረደረች፤ ዘበኛው በጓሮ በር ላይ እንዲቆም ታዘዘ፣ አሁንም ለምን እንደሆነ አልተነገረውም። ጀግናው እትዬን ስቴፕለርዎ ተገኘ ብሎ ሊያመጣቸው ተላከ፤ ስምንት ቀን ተጠብቆ የመጣ ብቸኛ ውሸቱ ይህ ነበር፣ እርሱም ቢሆን ግማሹ እውነት ነው። እትዬ መጡ። አዲስ ሻርፕ ለብሰው ነበር፤ ለምን እንደለበሱ ማንም አላሰበም። ሰዉን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፣ መጽሐፉን አዩ። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መጽሐፉን አንባቢው ያንብብ ተባለ። ጀግናው ቆሞ እንደ ልማዱ ከነነጥቡ አነበበ፤ ሰዉ ሲስቅ፣ እትዬ በጣታቸው ሰረዙን ሲከተሉ ገጾቹ አለቁ፤ ዐሥራ ስድስተኛዪቱ ደረሰች። «እትዬ ነጠላ ሰረዝ ሃያ ሁለት ዓመት አነበብኩልዎ አራት ነጥብ አንድ ቀን ሰለቸኝ አላሉኝም አራት ነጥብ የሳትኩትን አረሙልኝ ነጠላ ሰረዝ መሳቴን ግን ለማንም አላወሩብኝም አራት ነጥብ» እያለ ስድስቱን መስመር ጨረሰ። ከዚያም ዓይኑ እንደ ልማዱ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደ፣ አፉም ዓይኑን ተከተለ፣ ለካ ሰባተኛ መስመር ነበር፦ «ከእርስዎ በኋላ ለማን እንደማነብ አላውቅም»

ይህችን የሰማት ከራሱ አፍ ከወጣች በኋላ ነው። አራት ነጥቡን ማለት አቃተው። የሳቀም ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ እትዬ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ በዚህ ዜና ውስጥ የመጨረሻ የሆነውን አዋጅ አወጁ፦ «አራት ነጥብ አለው፣ አትዝለለው! ምን ያፈጥሃል? በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እኮ አንብበህልኛል፣ በነዚያ ድመቶች መሃል፣ ከነነጥቡ! ይህቺን ሰርዘሃት ስለነበር ዘለልካት እንጂ። ረቂቁን ሳይ አገኘኋት፣ ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ማኅተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ፣ ተይቢዋንም ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ በጓሮ በር ልወጣ ደረጃው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ይኼ ወሬ ሆዱ የማይችል ሰው ለእኔ ብሎ እንዲህ ከተሰቃየ፣ ጥዬው ወዴት ነው የምሄደው ብዬ ተመለስኩ። አንተ ስምንት ቀን ከቻልክ እኔም አምስት ቀን ቻልኩልህ። በል ቀጥል!»

የሚቀጥል ግን አልነበረም፤ መጽሐፉ አልቋል። ከመስመሯ በታች ተይቢዋ ሳታስበው አብራ ያስገባችው የማኅተሙ ቃል ብቻ ነበር። ጀግናው ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ እርሱኑ አነበበው፦ «ታርሟል አራት ነጥብ»። እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በዚህ ጊዜ ብናኝ ነው ያለ አልነበረም። ከዚያም ሻያቸውን ጠጥተው፣ ቀጥኗል ብለው፣ መጽሐፉን ታቅፈው በፊት ለፊቱ በር ወጡ። ተይቢዋ፣ ምስጢሯ ደረጃ ላይ የተነዛባት ያቺ ተይቢ፣ የእርሱን ምስጢር ከእርሱ ከራሱ አምስት ቀን ሰውራ መቆየቷን ስትናገር ፊቷ ወፏን የዋጠችዋን ድመት መስሎ ነበር። ዘበኛው ግን እስኪመሽ ድረስ በጓሮ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ማንም አልነገረውምና።

እንግዲህ ወንፊት ምስጢሩን ስንት ቀን ጠበቀ ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ በሐቅ ሁለት ቀን ተኩል ነው። የቀረውን እርሱ ይዣለሁ ብሎ አመነ እንጂ የያዙለት እትዬ ናቸው። ቢሆንም ለአንድ ወንፊት ሁለት ቀን ተኩል ትንሽ ነው የሚል ካለ ወንፊት ውሃ ቀድቶበት ይሞክረው።

ስለዚህ ክብር ይሁን ለባለ ቀይ እርሳሱ፣ ለመዋዔ ግድፈት፣ ስለ ወዳጁ ብሎ አፉን በዳቦ ለሞላው፣ ትርጉምን ድል ነሥቶ በትርጉም ለተማረከው። ክብር ይሁን ለግራጫዪቱ ድመት፣ ዐሥራ አምስት ገጽ ሰምታ አንዱንም ላላወጣችው። ከሁሉ በላይ ክብር ይሁን ለእትዬ፣ ለነጠብጣቧ እመቤት፣ ለዓቃቢተ ምስጢር፣ ከወንፊቱ የፈሰሰውን ውሃ ከሥር በእፍኛቸው ተቀብለው ጠብታ ሳይጥሉ ላቆዩለት፤ እርሱም ለማን እንደሚያነብ አሁን ያውቃል። ይህ ዜና ራሱ ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእትዬ ቤት፣ ጉልበትን ከጉልበት በምታጋጭ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ በወንፊት አፍ ከነነጥቡ ተነብቦላቸዋል፤ ሰባት ግድፈት ተገኝቶበት ታርሟል። እኛም ስለ ጀግናው ክብር አስበን ስለ ሁለት ቀን ተኩሉ የጻፍነውን ሰርዘነው ነበር፤ ከሥሩ በአረንጓዴ ነጠብጣብ ተደርድሮበት ተመለሰ።